ጎርደን ኩፐር፤ በጨረቃ ዋዜማ የቀረው ጠፈርተኛ

ታሪክ የደረሰውን ሰው ስም በትልቁ ይጽፋል፤ መንገዱን እስከ ደጃፍ ጠርጎ የተመለሰውን በትንሹ ይጽፈዋል፤ ከደጃፉ በስተኋላ ቆሞ ተራውን ሲጠብቅ የቀረውን ግን ብዙውን ጊዜ ይዘነጋዋል። በሐምሌ ወር 1961 ዓ.ም. የሰው ልጅ እግር ለመጀመሪያ ጊዜ ጨረቃን መርገጡን፣ የረገጣትም ሰው ኒል አርምስትሮንግ መባሉን ዛሬ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ እንኳ ያውቀዋል። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ሦስት ሰዎች ወደ ጨረቃ ተጉዘው፣ ሁለቱ ከገጿ 15 ኪሎ ሜትር ያህል እስኪቀር ድረስ ወርደው፣ ሳያርፉ መመለሳቸውን የሚያስታውስ ግን ብዙ አይደለም። ከእነዚያ ከሦስቱ አንዱ ቢታመም ወይም አደጋ ቢያገኘው በቦታው ለመግባት ሌት ተቀን ሲዘጋጅ የቆየውን ተጠባባቂ አዛዥማ ማን ያስታውሰዋል?

ያ ተጠባባቂ አዛዥ ጎርደን ኩፐር ነበር። ኩፐር ለኛ ለኢትዮጵያውያን ፈጽሞ ባዕድ ሰው አይደለም። በ1955 ዓ.ም. ከጠፈር ላይ ሆኖ ወደ አዲስ አበባ ሰላምታ ልኳል፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ በአካል መጥቶ ከተማችንን አይቷል። በዘመኑ ከነበሩት ጠፈርተኞች ሁሉ በመከራ ሰዓት እጁ ያልተንቀጠቀጠ አብራሪ እየተባለ ተመስግኗል። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው ጨረቃን ሳይረግጥ የቀረው ስለ ምን ነው? የሕይወቱን ታሪክ ስንመለከት ለዚህ ጥያቄ የሚሆን መልስ እናገኛለን፤ መልሱም ለጠፈርተኞች ብቻ የሚጠቅም አይደለም።

ከኦክላሆማ እስከ ሰባቱ ምርጦች

ሌሮይ ጎርደን ኩፐር የካቲት 27 ቀን 1919 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ግዛት፣ ሾኒ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ በጦር ኃይል ያገለገሉና አውሮፕላን ማብረር የሚያውቁ ሰው ስለ ነበሩ፣ ሌሎች ልጆች ብስክሌት በሚለምዱበት ዕድሜ እርሱ ከአባቱ ጋር በትንሽ አውሮፕላን ውስጥ ተቀምጦ መሪ መጨበጥን ለመደ። ትምህርት ቤት የሚያስተምረውን ያህል ሰማዩም አስተማረው ማለት ይቻላል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ ፍጥነት ያለው ነገር ሁሉ ልቡን ይስበው ነበር፤ አውሮፕላኑም፣ የውድድር መኪናውም፣ በሞተር የምትሮጠው ጀልባም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲቃረብ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ጨርሶ በአሜሪካ የባሕር ወለድ ጦር ውስጥ ተቀጠረ፤ ነገር ግን ወደ ግንባር ሳይሄድ ጦርነቱ አለቀ። ቀጥሎም በሐዋይ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ትሩዲ ኦልሰን የምትባል ወጣት አግብቶ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደ። ትሩዲም እንደ እርሱ አውሮፕላን አብራሪ ነበረች። ከዚያ በኋላ ወደ አየር ኃይል ተዛውሮ በጀርመን አገር በሰፈረ የተዋጊ አውሮፕላን ጓድ ውስጥ አራት ዓመት ያህል በረረ። ወደ አገሩ ተመልሶ በ1948 ዓ.ም. በአውሮፕላን ምሕንድስና ዲግሪ ከተቀበለ በኋላ በካሊፎርኒያ በሚገኘው በኤድዋርድስ የአየር ኃይል ጣቢያ አዳዲስ አውሮፕላኖችን የሚሞክር አብራሪ ሆነ። የሙከራ አብራሪ ሥራ ማለት ማንም ያላበረረውን አውሮፕላን አብርሮ፣ ጉድለቱን አግኝቶ፣ በሕይወት ተመልሶ መናገር ነው።

በዚያ ዘመን ሶቪየት ኅብረትና አሜሪካ ማን ቀድሞ ወደ ጠፈር ይወጣል በሚል እሽቅድምድም ውስጥ ነበሩ። መስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም. ሶቪየቶች ስፑትኒክን አምጥቀው የዓለምን ሕዝብ አስደነቁ። አሜሪካም የጠፈር ድርጅቷን ናሳን አቋቁማ፣ ከሙከራ አብራሪዎቿ መካከል ሰባት ሰዎች መርጣ ሚያዝያ 1 ቀን 1951 ዓ.ም. ለሕዝብ አስተዋወቀች። ጎርደን ኩፐር ያን ጊዜ 32 ዓመቱ ነበር፤ ከሰባቱም በዕድሜ ትንሹ እርሱ ነበር።

ከዛንዚባር ሰማይ የተላከ ሰላምታ

የሰባቱ ጠፈርተኞች የመጀመሪያው መርሐ ግብር ሜርኩሪ ይባል ነበር። መንኰራኵሩ ጠባብ ስለ ነበር የሚይዘው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለእያንዳንዱም ጉዞ አንድ ዋና ተጓዥና አንድ ተጠባባቂ ይመደባል። ኩፐር አስቀድሞ ለዋልተር ሺራ ጉዞ ተጠባባቂ ሆኖ ሠራ። ከዚያም የራሱ ተራ ደረሰ። የርሱ ተጠባባቂ ሆኖ የተመደበው ደግሞ የመጀመሪያው አሜሪካዊ ጠፈርተኛ አለን ሼፓርድ ነበር። አንባቢ ይህን ስም በልቡ ይያዝ፤ ወደ ኋላ ላይ ይመለሳልና።

ጉዞው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ኩፐር በተዋጊ ጄት እየበረረ ከጠፈር ጣቢያው ሕንፃ ጣራ በላይ እጅግ ዝቅ ብሎ በታላቅ ድምፅ አለፈ። በሕንፃው ውስጥ የነበሩት አለቆች ደነገጡ፤ ተቈጡም። ከጉዞው ወርዶ በሼፓርድ ይተካ የሚል ሐሳብ እስከ መነሣት ደረሰ። በመጨረሻ ግን ቁጣው በርዶ ኩፐር በቦታው ጸና። ይኸ ነገር ያን ጊዜ እንደ ወጣት ጨዋታ ታለፈ፤ ከአለቆቹ ልብ ግን ፈጽሞ አልወጣም።

ግንቦት 7 ቀን 1955 ዓ.ም. ኩፐር ፌዝ 7 ብሎ በሰየማት መንኰራኵር ተተኰሰ። ፌዝ ማለት እምነት ማለት ነው። ሰው ሁሉ በጭንቀት ሰዓት ሲቈጥር እርሱ በሮኬቱ አናት ላይ ተኝቶ እንቅልፍ ይዞት ነበር ይባልለታል። በጠፈርም ላይ ሳለ አንቀላፋ፤ ምድርን እየዞረ የተኛ የመጀመሪያው አሜሪካዊም ሆነ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ለፈጣሪው ያቀረበውን ጸሎት በመቅረጫ አስቀርቶ ነበርና ከተመለሰ በኋላ በአገሩ ምክር ቤት ፊት አንብቦታል።

በዚያው ሳምንት የአፍሪካ ነጻ መንግሥታት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ለመሪዎቹ ታላቅ ጉባኤ ዝግጅት ያደርጉ ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው ከዐሥር ቀን በኋላ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. መሆኑ ይታወቃል። ኩፐር በምሥራቅ አፍሪካ ላይ አልፎ በዛንዚባር ሰማይ ላይ ሲደርስ በሬዲዮ ለአፍሪካ ሕዝብ ሰላምታ ሰጠ፤ በአዲስ አበባ ለሚሰበሰቡት መሪዎችም መልካም ዕድል ተመኘ። ከ150 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ የከተማችንን ስም ጠራ ማለት ነው። ሰላምታው ከአሜሪካ መንግሥት የፖለቲካ ጥቅም ጋር የተያያዘ መሆኑን መካድ አይቻልም፤ የሁለቱ ኃያላን እሽቅድምድም የአፍሪካንም ልብ ለማግኘት ነበርና። ቢሆንም የአፍሪካ አንድነት ሊጸነስ በነበረበት ሳምንት ከጠፈር የመጣ ሰላምታ መሆኑ በታሪክ መዝገብ ሊጻፍ የሚገባው ነው።

ችግሩ የመጣው ወደ ማለቂያው ነው። በ19ኛው ዙር አንድ የማስጠንቀቂያ መብራት ያለ ምክንያት በራ። ቀጥሎ የመንኰራኵሩን አቋቋም የሚያሳዩት መሣሪያዎች ጠፉ። በ21ኛው ዙር የኤሌክትሪክ መስመሩ ተበላሽቶ መንኰራኵሩን ወደ ምድር የሚመልሰው አውቶማቲክ መሣሪያ ሥራ አቆመ። በውስጥም የሚተነፍሰው አየር እየተበላሸ፣ ሙቀቱም እየጨመረ ሄደ። ኩፐር ግን ድምፁን ሳይለውጥ ጉድለቱን አንድ በአንድ ለምድር አስታወቀ። ከዚያም በመስኮቱ ላይ የተሰመረውን መስመር ከምድር አድማስ ጋር እያስተያየ፣ ጊዜውን በእጅ ሰዓቱ እየለካ፣ በጃፓን አጠገብ በመርከብ ላይ የነበረው ጆን ግሌን በሬዲዮ እየቈጠረለት፣ መንኰራኵሩን በእጁ አዙሮ ሮኬቶቹን ለኰሰ። ምድርን 22 ጊዜ ዞሮ፣ በጠፈር 34 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ቈይቶ፣ በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ከሚጠብቀው የጦር መርከብ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አረፈ። ከርሱ በፊት መሣሪያቸው ደኅና ሆኖ የተመለሱት እንኳ ከዚህ የተሻለ አላረፉም።

ስምንት ቀን፤ ከዚያም አዲስ አበባ

ወደ ጨረቃ ለመሄድና ለመመለስ ስምንት ቀን ያህል ያስፈልጋል። ሰው ይህን ያህል ጊዜ በጠፈር ቈይቶ ጤንነቱ ሳይጓደል መመለስ ይችላልን? ያን ጊዜ መልሱን የሚያውቅ አልነበረም። ይህን ለመፈተን ነሐሴ 15 ቀን 1957 ዓ.ም. ጀሚኒ 5 የተባለችው ሁለት ሰዎች የምትይዝ መንኰራኵር ተላከች። አዛዡ ኩፐር፣ ባልደረባው ደግሞ የባሕር ኃይሉ ፒት ኮንራድ ነበሩ። ስለዚህ ይህ ጉዞ ራሱ የጨረቃው ጉዞ አንዱ ልምምድ ነበር ማለት ነው።

ጀሚኒ 5 ከሃይድሮጅንና ከኦክሲጅን ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ አዲስ መሣሪያ የያዘች የመጀመሪያዋ መንኰራኵር ነበረች። ገና ከመነሣቷ የኦክሲጅኑ ግፊት እየወረደ ስለ ሄደ ጉዞው በመጀመሪያው ቀን ሊቋረጥ ምንም አልቀረውም። ሁለቱ ሰዎች መሣሪያዎቹን ሁሉ አጥፍተው በጨለማና በብርድ እየተንሳፈፉ ጠበቁ። ግፊቱ ጸና፤ ጉዞውም ቀጠለ። እጅና እግር መዘርጋት በማይቻልበት ቦታ ምድርን 120 ጊዜ ዞረው ነሐሴ 23 ቀን ተመለሱ፤ በቈይታም የሶቪየቶችን ክብረ ወሰን ሰበሩ። ኩፐርም ምድርን በመዞር ሁለት ጊዜ የተጓዘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ያረፉት ግን ከታሰበው ቦታ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርቶ ነበር፤ ምክንያቱም በምድር ላይ የነበሩት ባለሙያዎች ስሌቱን ሲያዘጋጁ የምድርን የመዞር ፍጥነት በጥቂቱ አሳስተውት ነው። ለዓይን የማይታይ ትንሽ ስሕተት ሰውን ምን ያህል እንደሚያርቅ ከዚህ ይታያል።

በቀጣዩ ወር፣ በመስከረም 1958 ዓ.ም.፣ ኩፐርና ኮንራድ ለመልካም ፈቃድ ጉብኝት ተላኩ። በአቴና በተደረገው የጠፈር ጉባኤ ላይ ከሶቪየቶቹ ከሌኦኖቭና ከቤልያየቭ ጋር ተገናኙ፤ ከዚያም በቱርክ አድርገው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በአዲስ አበባም በግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ቀረቡ። ቀጥለውም ወደ ማዳጋስካር፣ ወደ ኬንያና ወደ ናይጄሪያ ሄዱ። መስቀል ወፍ በሚታይበት፣ የእንጦጦና የየካ ተራሮች በአደይ አበባ በሚያጌጡበት ወር ኩፐር በዛንዚባር ሰማይ ላይ ሆኖ ስሟን የጠራትን ከተማ በእግሩ ረገጠ። ከሁለቱ እንግዶች አንዱ ከአራት ዓመት በኋላ ጨረቃን የሚረግጥ መሆኑን ያን ጊዜ ያወቀ አልነበረም። ገምት ቢባል ሁሉም አዛዡን ኩፐርን ይገምት ነበር።

የጨረቃ ዋዜማ

በአገራችን በዓል ያለ ዋዜማ አይከበርም። ካህናቱ በዋዜማው ይቆማሉ፤ ሕዝቡ ግን በብዛት የሚመጣው በበዓሉ ነው። አፖሎ 10 ለጨረቃው በዓል ዋዜማ ነበረች።

ከዚያ በፊት ግን ታላቅ ኀዘን ደርሶ ነበር። ጥር 19 ቀን 1959 ዓ.ም. ገና በምድር ላይ ሳሉ የማስነሻ ልምምድ ያደርጉ የነበሩ ሦስት ጠፈርተኞች፣ ግሪሰም፣ ኋይትና ቻፊ፣ በመንኰራኵራቸው ውስጥ በተነሣ እሳት ሞቱ። ግሪሰም ከሰባቱ አንዱ፣ የኩፐርም የቅርብ ወዳጅ ነበር። ልምምድም የሰው ሕይወት የሚከፈልበት መሆኑ በዚህ ታወቀ። መንኰራኵሩ እንደ ገና ታድሶ ተሠራ። በታኅሣሥ 1961 ዓ.ም. አፖሎ 8 ጨረቃን ዞራ ተመለሰች። በየካቲት አፖሎ 9 የጨረቃ ማረፊያይቱን መንኰራኵር በምድር ዙሪያ ፈተነች። የቀረው ሁሉንም አንድ ላይ አድርጎ በጨረቃ ላይ መፈተን ነበር።

አፖሎ 10 እሑድ ግንቦት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በኛ ሰዓት ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ላይ 110 ሜትር በሚረዝመው በሳተርን 5 ሮኬት ተተኰሰች። ተጓዦቹ ቶማስ ስታፎርድ፣ ጆን ያንግና ዩጂን ሰርናን ነበሩ። ተጠባባቂዎቻቸው ደግሞ ጎርደን ኩፐር፣ ዶን አይዝሊና ኤድጋር ሚቸል። የተጠባባቂ ሥራ በምድር ላይ በተሠራው የመለማመጃ መንኰራኵር ውስጥ ተቀምጦ ዋናው ተጓዥ የሚያውቀውን ሁሉ ማወቅ ነው፤ የእያንዳንዱን ማብሪያና ማጥፊያ ቦታ፣ የእያንዳንዱን አደጋ መድኃኒት። ልዩነቱ ሮኬቱ ሲነሣ ተጠባባቂው ከታች ሆኖ ማየቱ ነው።

ግንቦት 14 ቀን ስታፎርድና ሰርናን ያንግን በዋናው መንኰራኵር ውስጥ ብቻውን ትተው በማረፊያይቱ መንኰራኵር ወደ ጨረቃ ወረዱ። ከምድር ተነሥተው ወደ 400 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ተጕዘዋል። አሁን የቀራቸው ከመገናኛ ተነሥቶ በላምበረትና በወሰን አልፎ ለገጣፎ የሚያደርሰውን መንገድ ያህል ብቻ ነው። ተራራውና ገደሉ ከሥራቸው ይሮጣል። አርምስትሮንግ የሚያርፍበትን ሜዳ አዩት፤ ፎቶግራፍም አነሡት፤ ርቀትን የሚለካውንም ራዳር ፈተኑት። ማረፍ ግን አልተፈቀደላቸውም፤ ያችም መንኰራኵር ለማረፍ ከሚገባው በላይ ትከብድ ነበር። ለመመለስ በሚሰናዱበት ጊዜ አንድ ማብሪያ በማይገባው ቦታ ላይ ሆኖ ስለ ተገኘ መንኰራኵሯ በድንገት ትሽከረከር ጀመር። ስታፎርድ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ በእጁ አረጋት። ልምምድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ በዋዜማው የታየ ስሕተት በበዓሉ አይደገምምና። ግንቦት 18 ቀን እስከዚያን ጊዜ ማንም ሰው ባልደረሰበት ፍጥነት ወደ ምድር ተመለሱ። በሐምሌ 13 የአፖሎ 11 ሰዎች በተጠረገው መንገድ ሄደው አረፉ።

ተራው የማን ነበር?

በናሳ የተለመደ አንድ ሥርዓት ነበር። የአንድ ጉዞ ተጠባባቂ ቡድን ሁለት ጉዞ አሳልፎ በሦስተኛው ዋና ተጓዥ ይሆናል። የአፖሎ 8 ተጠባባቂ አዛዥ አርምስትሮንግ ነበረ፤ አፖሎ 11ን አዘዘ። የአፖሎ 9 ተጠባባቂ አዛዥ፣ ከኩፐር ጋር ወደ አዲስ አበባ የመጣው ፒት ኮንራድ ነበረ፤ አፖሎ 12ን አዝዞ በኅዳር 1962 ዓ.ም. ጨረቃን ረገጠ። በዚህ ሥርዓት መሠረት የአፖሎ 10 ተጠባባቂ አዛዥ ኩፐር አፖሎ 13ን ማዘዝ ይገባው ነበር።

አፖሎ 13 ግን ለአለን ሼፓርድ ተሰጠች። ሼፓርድ በጆሮ ሕመም ምክንያት ለዓመታት ከበረራ ታግዶ ከቈየ በኋላ በቀዶ ሕክምና ድኖ፣ በዚያው በ1961 ዓ.ም. እንዲበር የተፈቀደለት ነበር። በ1955 ዓ.ም. የኩፐር ተጠባባቂ ሆኖ ቦታውን ሊወስድ ተቃርቦ የነበረው ሼፓርድ ከስድስት ዓመት በኋላ ወሰደው።

ኩፐር ይህን እንደ በደል ቈጠረው። ተራ ጠባቂው እርሱ ሆኖ ሳለ፣ በጠፈር ከ220 ሰዓት በላይ ቈይቶ ሳለ፣ 15 ደቂቃ ብቻ የበረረው ሼፓርድ በላዩ ላይ ዘለለበት። ጠፈርተኞቹን የሚመድበው ዲክ ስሌተንም ከሰባቱ አንዱ፣ የሼፓርድም ወዳጅ ስለ ነበር አድልዎ አለበት የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። በሌላው ወገን ደግሞ የስሌተን መልስ አለ። ኩፐር በመለማመጃው መንኰራኵር ውስጥ እንደ ሌሎቹ ረጅም ሰዓት አይቀመጥም፤ ልቡ ከመኪናና ከጀልባ እሽቅድምድም ጋር ነው፤ በ1960 ዓ.ም. በዴይቶና በሚደረገው የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ሊገባ ሲል ናሳ ከልክሎታል። እንደ ስሌተን አባባል ኩፐር ለአፖሎ 10 ተጠባባቂ የሆነው ሰው ስለ ታጣ ነበር እንጂ ዋና ተጓዥ ይሆናል ተብሎ አልነበረም።

ከሁለቱ ማንኛው እውነት ነው? እንደ እኔ አስተያየት ሁለቱም እውነት አላቸው። ወዳጅነት በምደባው ላይ ድርሻ አልነበረውም ማለት ያስቸግራል። ነገር ግን ኩፐር የፌዝ 7ን ጀግንነት እንደ ባንክ ተቀማጭ ገንዘብ ቈጥሮት ነበር። በ1955 ዓ.ም. ብቻውን ሆኖ በመስኮት መስመርና በእጅ ሰዓት የተመለሰ ሰው ከእንግዲህ ወዲህ ልምምድ ምን ያደርግልኛል ቢል አይገርምም። የአፖሎ ጉዞ ግን የአንድ ሰው ድፍረት የሚበቃበት ጉዞ አልነበረም፤ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ሥራ የተያያዘበት፣ እያንዳንዱም እርምጃ አስቀድሞ መቶ ጊዜ የሚረገጥበት ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶቻችን። የሚያሳዝነው የታላቁ የልምምድ ጉዞ ተጠባባቂ አዛዥ ልምምድን የማይወድ ሰው መሆኑ ነው።

ኩፐር ሐምሌ 24 ቀን 1962 ዓ.ም. በኮሎኔልነት ማዕርግ ከናሳና ከአየር ኃይል ተሰናበተ። ሼፓርድ ተጨማሪ ልምምድ ስላስፈለገው ወደ አፖሎ 14 ተዛውሮ በጥር 1963 ዓ.ም. ጨረቃን ረገጠ። አብሮት የረገጠው ማን ነበር? ከኩፐር ተጠባባቂ ቡድን ውስጥ ጀማሪ የነበረው ኤድጋር ሚቸል ነው። ኩፐር ሲጠብቃት የነበረችው አፖሎ 13 ደግሞ በጂም ላቭል ታዝዛ በሚያዝያ 1962 ዓ.ም. ተነሣች። በመንገድ ላይ የኦክሲጅን በርሜሏ ፈንድቶ ሳታርፍ ቀረች፤ ሦስቱ ተጓዦች በመከራ ተመለሱ። ኩፐር በዚያ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር ብሎ ማሰብ ያጓጓል። ሁሉ ነገር ሲበላሽ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው የሚያስፈልግበት ሰዓት ያ ነበርና። ላቭልና ባልደረቦቹ ግን በዚያ ሰዓት የዳኑት በድፍረት ብቻ ሳይሆን በልምምድ ብዛት ጭምር መሆኑን መርሳት አይገባም።

ሞቱና ከሞቱ በኋላ

ከናሳ ከወጣ በኋላ ኩፐር በልዩ ልዩ የንግድ ሥራ ተሰማራ፤ ለዋልት ዲዝኒ ድርጅትም ሠራ። ከትሩዲ ተፋትቶ ሁለተኛ ሚስት አግብቶ ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደ። በእርጅናው ዘመን ምንነታቸው ስላልታወቁ በራሪ ነገሮች አብዝቶ መናገሩ የሳይንስ ሰዎችን አላስደሰተም፤ አንዳንዶቹም ቀለዱበት። እርሱ ግን አየሁ ያለውን ሳይለውጥ ኖረ። በአእምሮና በነርቭ ላይ የሚደርሰው የፓርኪንሰን ሕመም ያንን የማይንቀጠቀጥ እጅ በመጨረሻው አንቀጠቀጠው። መስከረም 24 ቀን 1997 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፣ በቬንቱራ ከተማ፣ በ77 ዓመቱ ዐረፈ። ስፑትኒክ ከመጠቀች በዚያው ቀን ልክ 47 ዓመት ሞልቷት ነበር።

ከአስከሬኑ አመድ ጥቂቱ ወደ ጠፈር እንዲላክ ተደረገ። በ1999 ዓ.ም. በትንሽ ሮኬት ለጥቂት ደቂቃ ወጥቶ ተመለሰ። በ2000 ዓ.ም. ሌላ ሮኬት ይዞት ሲነሣ ከሸፈ። በሦስተኛው ሙከራ ግንቦት 14 ቀን 2004 ዓ.ም. ምድርን ሊዞር በቃ፤ ከአንድ ወር በኋላም ከያዘው ሮኬት ጋር በአየር ውስጥ ነድዶ ዐለቀ። ግንቦት 14 ስታፎርድና ሰርናን በአፖሎ 10 ወደ ጨረቃ ቀርበው የተመለሱበት ቀን ነው። ያለ ዕቅድ የሆነ የቀን መገጣጠም ነው፤ ነገር ግን ከጨረቃ ደጃፍ ለተመለሰ ሰው የሚስማማ ቀን ነው።

ኩፐር ባረፈበት በ2004 እ.ኤ.አ. በአገራችን የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ማኅበር ተቋቋመ። ያን ጊዜ በኢትዮጵያ ስለ ጠፈር መናገር የሥራ ፈት ወሬ ይመስላቸው የነበሩ ብዙዎች ናቸው። ማኅበሩ በእንጦጦ ተራራ ላይ በ3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ኮከብ መመልከቻ አሠራ፤ መስተዋታቸው አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖችም ተተከሉ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና ምድር ስትመጥቅ መረጃ የሚቀበለው ጣቢያ በዚያው በእንጦጦ ነበር። ይኸም ዋዜማ እንጂ በዓል አይደለም። በዚህ መስክ ዛሬ የሚማሩት ወጣቶች አብዛኞቹ ተጠባባቂዎች ናቸው፤ ለሌላ ሰው ጉዞ ስሌት የሚያሰሉ፣ ተራቸው መቼ እንደሚደርስ የማያውቁ።

ጎህ ሳይቀድ ከወሰን በላይ ወዳሉት ተራሮች የወጣ ሰው ሌሎችንም ተጠባባቂዎች ያገኛል። ባሕር ዛፉን እየተሻገሩ በብርዱ ውስጥ የሚሮጡ ወጣቶች ናቸው። ከመቶው አንዱ የአገሩን ማልያ ለብሶ በውጭ አገር አደባባይ ይሮጥ ይሆናል፤ ዘጠና ዘጠኙ ግን ያንኑ ዳገት ወጥተው፣ ያንኑ ላብ አፍስሰው ስማቸው ሳይሰማ ይቀራል። ነገር ግን ያ አንዱ የፈጠነው ከዘጠና ዘጠኙ ጋር እየተሽቀዳደመ መሆኑን አሠልጣኞቹ ያውቃሉ።

የጎርደን ኩፐር ሕይወት ሁለት ዕዳ ያስታውሰናል። አንደኛው ለተጠባባቂው ነው፤ ትናንት በነበረው ዝና ሳይመካ ለእያንዳንዱ ጉዞ እንደ ጀማሪ ሊዘጋጅ ይገባዋል። ኩፐር ይህን ዕዳ በሙሉ አልከፈለም፤ ጨረቃም በዚህ ተቀጣበት። ሁለተኛው ዕዳ ግን የኛ ነው። ደራሹን ስናመሰግን ያደረሱትን፣ በዓሉን ስናከብር በዋዜማው የቆሙትን መርሳት የለብንም። የስምንቱ ቀን ጉዞ ባይፈተን አርምስትሮንግ አይሄድም ነበር። አፖሎ 10 ከ15 ኪሎ ሜትር ላይ ባትመለስ አፖሎ 11 አታርፍም ነበር። ሙሉ ጨረቃ በየካ ተራሮች ላይ ስትወጣ የምናየው ያንኑ የረገጧትን ሰዎች ገጽ ነው፤ በዚያው ብርሃን ውስጥ፣ ከታች ሆነው ሮኬቱ ሲነሣ ያዩት ተጠባባቂዎችም ድርሻ አላቸው።